ጣሪያ የሌለበት ቦታ

ሰው ልብስ ያያል እንጂ ልብስ ሰፊ አያይም።

ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ መንገደኛው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። «አቤት ቁመና!» ይባላል። ፎቶ አንሺው ይመሰገናል፣ አበባውን ያሰረው ይመሰገናል፣ የሙሽራዋ እናት እንኳ ለቁመናው ምንም ሳታዋጣ ትመሰገናለች። ያንን ወገብ ወገብ ያስመሰለው ማን ነው? ዝቅ ያለ ግራ ትከሻዋን በስስ ጥጥ ሞልቶ ያቃናው ማን ነው? የሚጠይቅ የለም። ልብስ ሰፊዋ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ፣ የተረፈች አንዲት ስፒል በጣቶቿ መካከል እያሽከረከረች፣ «ግድ የለም፤ ስፌቱ ያውቀኛል» ትላለች። ግድ የለም ትበል እንጂ ግድ ነበራት። ከልጅነት እስከ ሽበት የከተማው ግማሽ የእጇን ሥራ ለብሶ በፊቷ አልፏል። ዘወር ብሎ «አንቺም አለሽ ለካ» ያላት ግን አልነበረም።

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ለሥራዋ ብቻ የወጣላት ስም አይደለም። ነገሯም እንደዚያው ነው፤ ሲወጋ ያስቃል፣ ቤት ከገቡ በኋላ ነው የሚያመው። ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ሊያስታውሳት የሚቃጣው ደንበኛ ሲገኝ፣ «አንተ የቆጠርከው ፊደል ሱሪህን የሚያሳጥርልህ ከሆነ ውሰደውና ሞክር» ብላ ሱሪውን ትመልስለታለች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይተውላት፣ ከሱቋ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እየኖረች፣ ማንንም ሳትለማመጥ እዚህ ደርሳለች። ኩራቷ ራቷ ነው የሚሏት በከንቱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶባታል። በዚህች ትልቅ ከተማ ዕድሜዋን ጨርሳ ከተማዋን በማታ አይታት አታውቅም። ደንበኛ ልብሱን ሊወስድ የሚመጣው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ ስለዚህ ሲመሽ እሷ አጎንብሳ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች። ከማታዋ ከተማ የሚደርሳት ከማዶው ሕንፃ የሚመጣ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው፤ እሱም ጨርቋ ላይ ወድቆ የክሩን ቀለም ሲያሳስታት «ወዲያ!» ብላ መጋረጃ ትዘጋበታለች።

ይህ ሁሉ መሐንዲሱ የካፖርት ገበር ሊያስቀይር እስከመጣ ድረስ ነበር።

መሐንዲሱ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጠበቃ ልጁ ጋር በባለጸጎቹ ሰፈር፣ ዘበኛና አትክልተኛ ባለበት ግቢ ይኖራል። ልብስ ሰፊዋ ካፖርቱን ገልብጣ አየችና «ይኼን ቁልፍ የተከለው ወንድ ነው» አለች።

«በምን አወቁ?»

«ክሩን እንደ ምሰሶ ነዋ ያሰሩት።»

መሐንዲሱ ከት ብሎ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ምሰሶ ሲተክልና ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነበር።

ገበሩ ተቀየረ። ከዚያ ኪስ ተቀደደ። ከዚያ እጅጌ ረዘመ። ከዚያ ደህናው ቁልፍ መበጠስ ጀመረ፤ ራሱ የተበጠሰ ክርና በመቀስ የተቆረጠ ክር መለየት የማትችል መስሎት! «እርስዎ» መባባሉም ቀስ በቀስ ቀርቶ «አንተ»ና «አንቺ» ሆኑ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ያንኳኳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነስቶ ይሄዳል።

አንድ ቀን፣ «ከአደባባዩ እስከ ድልድዩ ያለውን መብራት የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አላት። «ሰው ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ቀና ብሎ ‹ማን ሠራው?› ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ቁስሏን በሌላ ሰው አፍ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

«እኔ ልበልልህ። ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አሳየኝ።»

«ቅዳሜ ማታ» አለ መሐንዲሱ። ቃሉ ካመለጠው በኋላ ከንፈሩን ነከስ አደረገ፤ እሷ ደስታ መሰላት።

ያን ቀን ያሳጠረችው ሱሪ ሁሉ ሲለበስ አንዱ እግር ከሌላው እንዳይበልጥ እግዜር ይጠብቅ። ልቧ ከእጇ ጋር አልነበረም።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ ሲገባ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አልነበረም።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከተማህ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አንተ በወረቀት ትነድፋለህ፤ እኔ ባለኝ ነደፍኩ። ሰማያዊው ሪባን ወንዙ ነው። ሜትሩ ትልቁ ጎዳና ነው። ዚፑ የባቡር ሐዲዱ፣ ይኼ የካፖርት ቁልፍ አደባባዩ። የመርፌ መሰኪያው ትራስ ኮረብታው ነው፤ እንደ ኮረብታው እሾህ ጎኑን ቢነኩት ይወጋል። ወንዙ ላይ ያጋደምኩት መቀስ ያንተ ድልድይ ነው።»

መሐንዲሱ ባርኔጣውን እንደያዘ ጠረጴዛውን ዞረው። ጢሙ ሥር የተደበቀ ፈገግታ ነበረው። «ሐዲዱ ትንሽ ወደ ሰሜን ነው» ብሎ ዚፑን በጣቱ ገፋ አደረገ።

«ግፋው፣ ግፋው። ከተማው ያንተ ነው። አሁን ስማኝ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚህ ከሱቄ በር በእግር እንነሳለን። ሰው ሁሉ እያየ! በትልቁ ጎዳና እየወረድን የልብስ ሱቆቹን መስኮቶች እናያለን፤ መጥፎ ስፌት ያለበት መስኮት ካገኘሁ ቆሜ እሳደባለሁ፣ አታቋርጠኝም። አደባባዩ ላይ ያለው ፏፏቴ በማታ ቀለም ይለዋውጣል አሉ። ከዚያ ድልድዩ ላይ ቆመን ያንተን መብራት ውሃው ውስጥ እናያለን። መጨረሻ ኮረብታው ላይ እንወጣና ከተማዋን ከላይ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ታሳየኛለህ።»

ይህን ስትናገር ጉንጯ ቀልቷል። ሽበቷን ባታዩ ኖሮ ኮረዳ ናት ትሉ ነበር።

መሐንዲሱ እጁን ዘርግቶ ኮረብታውን አነሳ።

«ኮረብታው ይቅር» አለ። «ደረጃው ብዙ ነው። ጉልበትሽ...»

«ስለ ጉልበቴ ማን ጠየቀህ? ይኼ ጉልበት ፔዳል ሲረግጥ የኖረ ነው፤ አንተን አዝሎ ይወጣል።»

አልሳቀም። መቀሱን ከወንዙ ላይ አንስቶ ወደ ጎን አደረገው። «ድልድዩም ነፋስ ይበዛዋል። ይልቅ ሙዚየሙን እንይ። ከዚያ የትልቁ ሆቴል ሻይ ቤት አለ፤ ግድግዳው በሙሉ መስተዋት ነው፣ ትወጂዋለሽ። ልጄ በመኪና ታደርሰናለች። ከምሳ በኋላ ብንነሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመለሳለን።»

ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛዋን አየች። ወንዙ ያለ ድልድይ ተዘርግቷል። አደባባዩ ብቻውን ቀርቷል። ሐሳቧ እንደ ተበላሸ ስፌት አንዱ ክር ሲሳብ ሌላው ይፈታ ጀመር።

«ማታ ነበር ያልከኝ።»

«ከሰዓት በኋላም ያምራል።»

«የመረጥከው ሁሉ ጣሪያ አለው» አለች ቀስ ብላ። «ከሙዚየም ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ መኪና። ይኼን ሁሉ ከተማ ስታስብ፣ ከኔ ጋር የምትቆምበት ሰማይ የሚያየው አንድ ቦታ አጣህ?»

«እንደሱ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

መሐንዲሱ ባርኔጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አሁን ልነግርሽ አልችልም» አለ።

«ባትነግረኝም ገብቶኛል። ትልልቁ ሰው ጎዳና ላይ የሚንሸራሸረው በማታ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ በማታ ነው የሚወጡት፤ የልጅህ ወዳጆች በማታ ነው የሚወጡት። ‹ያቺ ማን ናት?› ብለው እንዳይጠይቁህ ነው።»

«አልገባሽም።»

«ፊደል ባልቆጥር ሰው እቆጥራለሁ!» ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደችና በሁለት እጇ አቀረበችለት። «እንግዲህ መሐንዲስ፣ ካፖርትዎ አልቋል። ይውሰዱት። ገበሩ ጠንካራ ነው፤ እርስዎን ዕድሜ ልክ ያገለግልዎታል፤ ሁለተኛ እዚህ መምጣት አያስፈልግዎትም።»

«እርስዎ» ስትለው እንደ ተመታ ሰው ቆመ። አንድ ነገር ሊል ነበር። ግን ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ፀሐይዋ ከማዶው ሕንፃ ጀርባ መውረድ ጀምራ ነበር። ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ በጥድፊያ ወጣ።

«ለማምለጥ እንዴት ቸኮለ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ለራሷ። «ደግሜ ባየው ዓይኔን ግንባር ያርገው።»

ቁልፉን፣ ዚፑን፣ ሜትሩን ሁሉ ሰብስባ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ወረወረችው። ወንዙን ግን መጠቅለል አቃታት። ሰማያዊዋን ሪባን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሥራ እንደሌለው ሰው ዝም ብላ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቋ ጠበባት።

*

ዓርብ ረፋድ ላይ የጎረቤቷ ፀጉር ሠሪ፣ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ፣ በእጇ አንድ ዊግ አንጠልጥላ ገባች።

«እትዬ! የነገውን ፀጉርሽን አምጥቼዋለሁ። መጀመሪያ በዚህ ሞክረን እንይ።»

መስኮቱ አጠገብ፣ ከእንጨት የተሠራች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆማለች። እጅ የላትም፤ ጭንቅላቷ ፊት የሌለው የእንጨት ድቡልቡል ነው፤ ከሥሯ መንኮራኩር አላት። ልብስ ሰፊዋ በጥጥና በጨርቅ አደልባ የራሷን ልክ ስለሰጠቻት «እህቴ» ትላታለች። «እንደሌሎቹ እህቶች አትበደርም፣ አታማም» ትላለች። እህቷ ያን ቀን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለራሷ ልብስ ከሰፋች ስንት ዘመኗ! ለቅዳሜ ማታ ብላ ነበር የሰፋችው።

ፀጉር ሠሪዋ ዊጉን አሻንጉሊቷ ራስ ላይ ደፍታ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። «ውይ! እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ! ያ ሰውዬ ነገ በግንባሩ ይደፋል።»

«ሰውዬም የለ፣ ነገም የለ።»

«ምን?»

ነገረቻት። ፀጉር ሠሪዋ በመገረም የደንበኛ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ያፍርብኛል ነው የምትዪኝ? ቆይ እንጂ እትዬ። ያ ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ሰው በየበሩ ተኮልኩሎ እያየው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው በርሽን የሚያንኳኳው። የሚያፍር ወንድ እኮ በጨለማ ነው የሚመጣው። እሱ በጨለማ መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ለጠባብ ሰፈር አላፈረም፤ ለትልቁ ጎዳና አፈረ። ሰው ልብሱን የሚቀይረው እንደ ቦታው ነው።»

«አንቺስ ሰፈሩን ሁሉ ‹ቅዳሜ ማታ ከተማ ላይ ነኝ፤ ልብሳችሁን ዓርብ ውሰዱ› ብለሽ የለ? አሁን ምን ልትዪ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን ከንፈሯ መካከል ያዘች። ስፒል የያዘ አፍ እንደማይመልስ ፀጉር ሠሪዋ ታውቃለችና እየተነጫነጨች ወጣች፤ ዊጉንም እንደተደፋ ረሳችው። ጥያቄዋ ግን ከሱቁ አልወጣም። በጨለማ መጥቶ ያውቃል? አያውቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆይቶ ያውቃል? ልብስ ሰፊዋ ነገሩን እንደ ስፒል ነክሳ ያዘችው፤ ልትተፋውም ልትውጠውም አልቻለችም።

*

ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ልብስ ሰፊዋ መብራቷን ሳታበራ ሱቋ ውስጥ ተቀመጠች።

ኩራት ሰውን ምን እንደሚያደርገው እዩ። ከተማ ልትዞር ነው ብላ ለሰፈሩ አውጃለች፤ መብራቷ ከበራ «ቀረባት» ይላሉ። ስለዚህ ሰፈሩ የሄደች እንዲመስለው ሱቋን አጨልማ፣ ከሱቁ ጥግ፣ ከተኩሱ ጠረጴዛ ጎን በእግር ሹራቧ ብቻ ተቀምጣ፣ የራሷን ደስታ በራሷ ጨለማ ታስመስላለች። ካውያው ገና አልበረደም፤ ሥራ ፈትቶ እጇን ማሞቂያ ሆኗል። በሩን ዘግታለች። መቀርቀሪያውን ግን አልወረወረችውም። ለምን እንዳልወረወረችው አትጠይቋት፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ውጭ መኪና ቆመ።

«አባዬ፣ ቤቱ ጨለማ ነው። ሰው የለም።» የሴት ድምፅ ነው።

«አለች።»

«እንግዲያው ልያዝህና ግባ።»

«ተዪኝ ልጄ። ይኼን በር እጄ ያውቀዋል። አንቺ መኪናው ውስጥ ቆዪ።»

በሩ ተንኳኳ። ተከፈተ። መሐንዲሱ ገባ፤ ወንበር መታው፤ ወንበሩን ይቅርታ ጠይቆ አለፈ። ከማዶው ሕንፃ ቀዩ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ አሻንጉሊቷ ላይ አርፎ ነበር፤ ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ በደንብ የተሠራ ፀጉር፣ ቀጥ ያለ አንገት። መሐንዲሱ ፊት ለፊቷ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንዳትናገሪኝ» አለ። «አንቺ ከተናገርሽ ድፍረቴ ይሸሻል። ዝም ብለሽ ብቻ ስሚኝ።»

ልብስ ሰፊዋ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ነኝ!» ልትል ነበር። ሳቅ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶባታል። ከዚያ የሚቀጥለውን ሰማች፤ ሳቁ እዚያው ደረቀ።

«በኔ አፈረ ብለሻል። ባንቺ አላፈርኩም። በራሴ ነው ያፈርኩት። ዓይኔ ከፀሐይ ጋር ይጠልቃል። ቀን ደህና ነኝ፤ ሲመሽ ግን ከመብራቱ በቀር ሌላ አላይም። ያ ሁሉ የዘረጋሁት መብራት ጨለማ ላይ እንደ ተበተነ ዶቃ ይታየኛል፤ ከሥሩ መሬት ይኑር ገደል ይኑር አላውቅም። ደረጃ አላይም። የሰው ፊት አላይም። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠኝም።»

ባርኔጣውን በሁለት እጁ አዞረው።

«ከተማዋን ያበራሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራብሽ ከርሜ፣ በገዛ መብራቴ ሥር ተደናቅፌ ብዘረርብሽስ? ለማንም አንገትሽን ደፍተሽ የማታውቂ ሴት፣ ሰው ተሰብስቦ ‹የማን ሽማግሌ ነው የወደቀው?› ሲልብሽ ምን ይሰማሻል? ጣሪያ ጣሪያውን የመረጥኩት ለዚያ ነው። ቤት ውስጥ ብርሃን አለ፤ ግድግዳ አለ፤ እንደ ወንድ እቆምልሻለሁ አልኩ። ወድቄ ከምታይኝ ብትቀየሚኝ ይሻላል አልኩ። አልተሻለም። ከሐሙስ ጀምሮ ምንም ነገር አልተሻለም። እና መጣሁ። ኩራቴን ይኼው እግርሽ ሥር አስቀመጥኩት፤ ብትፈልጊ ርገጪው።»

ከማዶው ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ተቀየረ።

«ዝም በዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ መሐንዲሱ። «ዝም በዪ። እጅሽን ብቻ ስጪኝና ልሂድ።»

እጁን ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አሻንጉሊቷ እጅ የላትም። ያ እጅ ባዶ እጅጌ ሊጨብጥ ስንዝር ቀርቶታል። ይህ ኩሩ ሰው ኩራቱን አውልቆ ለእንጨት እንደሰጠ ካወቀ፣ በዚህ በር ዳግመኛ እንደማይገባ የምታውቅ ሴት ብትኖር እሷ ናት። እሷ ራሷ ጨለማ ውስጥ የተወዘፈችው በምን ሆነና!

በእግር ሹራቧ፣ ያለ ኮቴ፣ እንደ ድመት ተወርውራ መጣች። በአንድ እጇ እህቷን በመንኮራኩሯ ገፋቻት፤ በሌላው የተዘረጋውን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

አሻንጉሊቷ ተንከባልላ ሄዳ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመች። ዊጉ ወለል ላይ ዱብ አለ።

«ምንድን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«እህቴ ናት። ከመንገድ ትልቀቅልን ብዬ ነው።»

እጇን በሁለት እጁ ያዘው። የካውያው ሙቀት አልወጣለትም ነበር። መሐንዲሱ ፊቱን ድምፁ ወደመጣበት፣ ወደ ቁም ሣጥኑ አዞረ፤ ከዚያ ወደ እሷ መለሰው። የገባው ይመስላል። የገባው እንደሆነም አልተናገረም፤ ኩሩ ሰው የኩሩ ሰውን ውለታ የሚቀበለው እንዲያ ነው። ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለመለየት ብርሃን አልነበረም።

«ሁሉንም ሰማሽ?»

«ከአፍህ አንዲት ቃል አልወደቀችብኝም። አንተ ግን ምን ዓይነት ሞኝ ነህ? እኔ ያለ መነጽር በመርፌ ቀዳዳ ክር የማሾልክ ሴት ነኝ። ሁለት ዓይን አለኝ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ከወደቅን አብረን እንወድቃለን፤ የሚስቅብን ሰው ካለ ደግሞ እኔ ምላስ አለኝ።»

«አለሽ» አለ መሐንዲሱ ከልቡ።

«ቁም እዚሁ። ልብሴን ልቀይር።»

«ፊቴን ላዙር?»

«ለምን ብለህ? መች ይታይህና!»

ሁለቱም ሳቁ። ያ ሳቅ በዚያ ሱቅ ውስጥ ከተሰፋው ሐር ሁሉ ለስላሳ ነበር።

*

በሩ በኃይል ሲከፈት ልብስ ሰፊዋ ከመልበሻው መጋረጃ ጀርባ፣ ከእህቷ ላይ የገፈፈችውን ቀሚስ የመጨረሻ ቁልፍ እየቆለፈች ነበር። ጠበቃዋ ገብታ ግድግዳውን ዳስሳ መብራቱን አበራችው።

መጋረጃው ተገለጠ። መሐንዲሱ አያት። ብርሃን ነበረና ሙሉ በሙሉ አያት፤ ወይን ጠጁን ቀሚስ፣ ቀጥ ያለውን አንገት፣ ያልተሠራውን ሽበት።

«አቤት!» አለ። ሌላ ቃል አልነበረውም፤ አላስፈለጋትምም። ያን ጊዜ አንገቷ አንድ ስንዝር የረዘመ መሰላት።

ጠበቃዋ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ የፈራች ልጅ ናት። የፈራች ልጅ ደግሞ አባቷን ልጇ ታስመስለዋለች።

«አባዬ፣ ነግረሃታል፤ በቃ፣ እንሂድ» ብላ ክንዱን ያዘች። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ። አባቴ በማታ በእግሩ አይሄድም። ባለፈው ከገዛ በራችን እንኳ ሳይርቅ ወድቆ እጁን በጀሶ ታስሮ ነው የከረመው።»

«ዛሬ ይሄዳል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከማን ጋር? ከእርስዎ ጋር? እርስዎ እኮ የመንገድ ስም እንኳን...» ጠበቃዋ ቃሉን ዋጠችው። ግማሹ ግን አምልጦ ወጥቶ ሱቁ መሃል ቆሟል።

«ልጄ!» አለ መሐንዲሱ በቁጣ።

«ተዋት፤ ትጨርሰው። የመንገድ ስም ማንበብ አይችሉም ነው። አዎ አልችልም።» ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠበቃዋ ቀረበች። ድምጿን አላነሳችም፤ አንገቷን ግን አላወረደችም። «የመንገዱን ስም አባትሽ ያውቀዋል፤ ጉድጓዱን እኔ አያለሁ። እሱ ወዴት እንደምንሄድ ይነግረኛል፤ እኔ የት እንደምንረግጥ እነግረዋለሁ። ከዚህ የተሻለ መንገደኛ ካየሽ አምጪልኝ።»

«ሁለታችሁም ብትወድቁስ?»

«ወድቀን እንነሳለና። አንቺ እንዳይወድቅ ብለሽ ስታስቀምጪው እኮ፣ ተቀምጦ ነው የወደቀው። እስኪ እዪው።»

ጠበቃዋ አባቷን አየችው። መሐንዲሱ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ካፖርቱን ቆልፎ፣ ወገቡን አቅንቶ ቆሟል። እንዲህ ቀጥ ብሎ ካየችው ቆይቷል፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። እጇ ግን አሁንም ክንዱ ላይ ነበረች፤ ጣቶቿ ካፖርቱን አጥብቀው ይዘውታል።

«ልጄ» አለ መሐንዲሱ ቀስ ብሎ፣ «ድልድዩ ላይ መቆም እፈልጋለሁ።»

«ትቆማለህ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጥያቄም አይደለም።» ከዚያ ወደ ጠበቃዋ ዞረች። «ስሚኝ እንግዲህ፣ ልጄ። አንቺ ፍርድ ቤት ቆመሽ ለስንቱ ትናገሪያለሽ፤ ዛሬ እኔ ልናገር። አባትሽን አልሰርቅብሽም፤ አመጣልሻለሁ፤ ደስ ብሎት ነው የማመጣልሽ። መኪናሽን እዚሁ ትተያለሽ። መምጣት ካማረሽ በእግርሽ ተከተዪን፤ ከኋላ ሆነሽ ግን ‹ቀስ በሉ› ስትዪ እንዳልሰማሽ። የምታውቂው ሰው ሲመጣ ወደ ዳር እንዳትወጪ። መሃል መንገዱን ነው የምንሄደው። ኮረብታው ላይ ስንወጣ ከደከመሽ ተቀመጪ፤ እኛ እንጠብቅሻለን። አሁን ከሱ ክንድ ላይ እጅሽን አንሺ። አንሺ አልኩሽ እኮ፤ ጀንበሯ ጠልቃለች፣ ይኼ ክንድ የኔ ነው።»